ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ

በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሾኔ የእጅ ስልክ የያዘ ወጣት ብዙ ነው። በስልኩ ከመጠቀም አልፎ ለስልክ የሚሆን መተግበሪያ ሠርቶ ለማውጣት የሚመኘውም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ስልክ ያለው ሁሉ መተግበሪያው የሚሠራበት ኮምፒዩተር የለውም። የዛሬው አስተያየታችን ስለዚሁ ነው።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር በተጀመረው መርሐ ግብር፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ ከትምህርቶቹ አንዱ ሆኖ መግባቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ዋናው መሣሪያ አንድሮይድ ስቱዲዮ በትንሹ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒዩተር ይጠይቃል። ለአይፎን ለመሥራት ላሰበማ ነገሩ ይብስበታል፤ ኤክስኮድ የሚሠራው በማክ ላይ ብቻ ነውና። ስለ ዋና አንብቦ፣ ወንዝ ሳይገባ ዋናተኛ የሆነ የለም።

ይህን ስንል ኮምፒዩተር የሌለው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለታችን አይደለም። የኮትሊንን ቋንቋ በስልክ ኢንተርኔት ላይ እየጻፉ መሞከር ይቻላል። የመተግበሪያውን ገጾች በደብተር መንደፍም ይቻላል። በሰው ኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ሥራውን በጊትሀብ ቢያስቀምጥ፣ ነገ በሌላ ኮምፒዩተር ካቆመበት ይቀጥላል። ኮምፒዩተሩ ደካማ እንደ ሆነም የገዛ ስልኩን በገመድ አገናኝቶ ሥራውን በዚያው ቢፈትን ሸክሙ ይቀልለታል።

ቢሆንም ጨርሶ ካልነኩት መሣሪያ ሙያ አይገኝም። ቀድሞ ታይፕ የተማሩ ታላላቆቻችን አብዛኞቹ የጽሕፈት መኪና በቤታቸው አልነበራቸውም፤ የተማሩት በትምህርት ቤቱ መኪና በየተራ እየተቀመጡ ነው። ዛሬስ ተራው ለምን ይቀራል? በየመሥሪያ ቤቱ ዓርብ ማታ የተቆለፈበት ኮምፒዩተር እስከ ሰኞ ጠዋት ሥራ ፈትቶ ይውላል።

«ንብረት ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ የሌለባቸውን ኮምፒዩተሮች መለየት፣ ተማሪውን በመዝገብ ማስፈረም፣ አንድ ተጠሪ በተራ ማስቀመጥ ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መሰደዱ የታወቀ ነው። ለዚያ መንገድ ከብት ይሸጣል፤ ከዘመድም ብድር ይጠየቃል። የልጁን እግር ለመሸኘት የተገኘ ገንዘብ እጁን ለማሠልጠን እንዴት ይጠፋል? የመተግበሪያ ሥራ ለሁሉ እንጀራ ይሆናል አንልም። ሆኖም ሞክሮት ያላየው ወጣት ለሥራው ይሁን ለስደቱ መርጧል ማለት አይቻልም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ አምስት ጓደኛሞች ዕቁብ ጥለው አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ቢገዙ ለሁሉም ተራ ይደርሳል። እስከዚያው ግን ቅዳሜ አንድ ክፍል መክፈት የሚፈልገው የባለ ቁልፉን ፈቃድ ነው። ከአንባቢዎቻችንም መካከል ባለ ቁልፍ የሆኑ አሉ።