የጉምሩክ ትራንዚት ሥርዓት ሲለወጥ ነጋዴው አስቀድሞ ሊያሰናዳው የሚገባው

ንግድ የሚቆመው በእምነትና በጊዜ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪገባ ድረስ ዕቃን በመንገድ ላይ የሚጠብቀው የሾፌሩ ንቃትና የኮንቴይነሩ ማኅተም ብቻ አይደለም፤ በጉምሩክ ኮምፒዩተር ውስጥ የተጻፈው መዝገብ ጭምር ነው። መዝገቡ ከዕቃው ጋራ እኩል ካልተጓዘ፣ ዕቃው ቢደርስም እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ይህ መዝገብ የሚያዝበት ሶፍትዌር ከአንዱ ወደ ሌላው በሚለወጥበት ጊዜ፣ ነገሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችና የጉምሩክ ሹማምንት ጉዳይ ነው ብሎ ዝም ማለት ለነጋዴው አይበጅም።

እንዲህ ያለው ለውጥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ ያዘጋጀው አሲኩዳ ፕላስ ፕላስ የተባለው ሥርዓት ለብዙ ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ የኤሌክትሮኒክ ጉምሩክ ማኔጅመንት ሲስተም ተተካ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ፈቃድ የሚሰጡትን መሥሪያ ቤቶች ከጉምሩክ ጋራ የሚያገናኘው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተጨመረ። ከዚህ በኋላም ለውጥ አይቀርም፤ ሶፍትዌር እንደ ጭነት መኪና ሁሉ ያረጃልና።

የለውጡ ክብደት ከምን የመጣ እንደ ሆነ ለመረዳት የአገሪቱን መንገድ መመልከት ይበቃል። ከወጪና ከገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ዕቃው በመኪና ቢሆን በጋላፊ፣ በባቡር ቢሆን በደወሌ አድርጎ ይገባል። ቀረጥና ታክስ ሳይከፈልበት ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ፣ በተለምዶ ቲ ዋን የሚባለው የትራንዚት ሰነድና ለመንግሥት ገቢ መጠበቂያ የሚሆን ዋስትና አብረውት ይሄዳሉ። የመነሻው ጉምሩክ ጉዞውን ይከፍታል፤ የመድረሻው ጉምሩክ ማኅተሙን አይቶ፣ ዕቃውን ተረክቦ ጉዞውን ይዘጋል፤ ከዚያም ዋስትናው ይለቀቃል። መክፈት፣ መዝጋትና መልቀቅ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ይቆማል።

አደጋው የሚመጣውም በዚሁ መካከል ነው። በአሮጌው ሥርዓት የተከፈተ ጉዞ በአዲሱ ሥርዓት መዘጋት ሲኖርበት፣ ሁለቱ ሥርዓቶች ካልተዋወቁ ኮንቴይነሩ ሞጆ ቆሞ ሳለ መዝገቡ «ገና በመንገድ ላይ ነው» እያለ ይቀራል። ጉዞው ካልተዘጋ ዋስትናው አይለቀቅም፤ ዋስትናው ካልተለቀቀ ባለዕቃው ለሚቀጥለው ጭነት ሌላ ዋስትና መፈለግ አለበት። በመልቲሞዳል አሠራር እስከ ደረቅ ወደብ ድረስ ያለውን ኀላፊነት አጓጓዡ ይይዘዋል፤ በዩኒሞዳል የሚያስመጣው ግን ሸክሙን በራሱ ትከሻ ይሸከማል። ብዙ ካፒታል ያለው የንግድ ቤት ይህን ይችለው ይሆናል። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ኮንቴይነር ላይ ያዋለው አነስተኛ አስመጭ ግን፣ የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማቆያ በየቀኑ እየተቈጠረበት፣ ትርፉ ሳይሆን ዋናው ገንዘቡ ሲያልቅ ቆሞ ያያል።

«ይህን ሁሉ ትራንዚተሩ ያውቀዋል» የሚል መልስ በብዙ ሱቅና መጋዘን ይሰማል። እርግጥ ነው፤ ዲክላራሲዮኑን የሚሞላው፣ ከመርማሪው ጋራ የሚነጋገረው ትራንዚተሩ ነው። ነገር ግን ትራንዚተሩ የሚጽፈው ከባለዕቃው የተሰጠውን ነው። የተሰጠው ወረቀት የተሳሳተ ቢሆን ስሕተቱን በፍጥነት ያስገባዋል እንጂ አያቀናውም። ደግሞም ቀረጡን የሚከፍለው፣ ዕቃው ሲዘገይ የሚከስረው፣ ለደንበኛው ቃሉን አጥፎ የሚያፍረው ባለዕቃው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት በራሱ በንግድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይጀመራል።

አሮጌው ሥርዓት፣ በተለይም ወረቀትና ሰው በመካከሉ ሲኖሩ፣ ትንሽ ልዩነትን ይታገሣል። አዲሱ ግን በፊደል ይፈርዳል። በንግድ ፈቃዱ ላይ «ገብረ ሥላሴ» ተብሎ ሙሉ ስም የተጻፈ ሰው፣ በባንክ ሰነዱ ላይ በእዝባር አጥሮ «ገ/ሥላሴ» ቢባል፣ በመርከብ ጭነት ሰነዱ ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል ሌላ አጻጻፍ ቢወጣለት፣ ለሚያውቀው ሠራተኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው። የቀን አቈጣጠርም እንዲሁ ነው። የላኪው አገር ኢንቮይስ በፈረንጅ ቀን ይጻፋል፤ የአገር ውስጡ ውል በኢትዮጵያ ቀን ይጻፋል፤ የሁለቱ መደባለቅ ፈቃዱ ሳያልፍበት ያለፈበት ሊያስመስለው ይችላል። እንደዚህ ያለው ጥቃቅን ነገር እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት አንድ የራሱ መዝገብ ሊኖረው ይገባል። በዚህ መዝገብ ውስጥ የድርጅቱ ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል አንድ ዐይነት ሆኖ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የንግድ ፈቃዱ ቁጥር ሳይዛነፍ ይጻፍ። ለውጭ አገር ሻጮችም ይኸው አጻጻፍ ተልኮ፣ በኢንቮይሱም፣ በፓኪንግ ሊስቱም፣ በመርከብ ጭነት ሰነዱም ላይ ከዚህ ውጭ እንዳይጽፉ ይነገራቸው። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአንድ ጸሐፊ የጥቂት ቀናት ትጋት ብቻ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕቃው ስምና የታሪፍ ቁጥሩ ነው። መቀመጫው ብራስልስ የሆነው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚጠብቀው የዕቃዎች አመዳደብ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 6 አሐዞች በሚሠሩበት አገር ሁሉ አንድ ናቸው። አመዳደቡ በየጊዜው ይታረማል፤ ያለፈው እርማት እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2022 የጸና ሲሆን፣ የሚቀጥለው እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 2028፣ ማለትም በታኅሣሥ 22 ቀን 2020 ዓ.ም. እንዲጸና ተወስኗል። ይህም ማለት ሶፍትዌሩ ባይለወጥ እንኳ በውስጡ ያሉት ቁጥሮች ይለወጣሉ ማለት ነው። «መለዋወጫ»፣ «የቤት ዕቃ»፣ «ልዩ ልዩ» እያሉ በጅምላ መጻፍ ያስለመደ ነጋዴ፣ አርባ ዐይነት ዕቃ በአንድ ኮንቴይነር ሲያስመጣ፣ እያንዳንዱን በስሙ፣ በቁጥሩ፣ በክብደቱና በሥሪት አገሩ ለይቶ ማስቀመጥን ከአሁኑ ይልመድ።

ይህ ጥንቃቄ ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሠሩበት የትራንዚት የኮምፒዩተር ሥርዓት ወደ አምስተኛው ደረጃ ሲሸጋገር፣ የአሮጌውና የአዲሱ መልእክት አጻጻፍ አንዱ ለሌላው አልገባ ስላለ፣ መሸጋገሪያ ጊዜ መስጠት ግድ ሆኗል፤ ይህም ጊዜ ተራዝሞ እ.ኤ.አ. በጥር 21 ቀን 2025 አብቅቷል። በእንግሊዝም ወደ 30 ዓመት ያህል ያገለገለው ቺፍ የተባለው ሥርዓት ሲተካ፣ ለገቢ ዕቃ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 መዘጋት ጀምሮ፣ ለአንዳንዶቹም ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቶ፣ ለወጪ ዕቃ ግን የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ነው። ገንዘብም ባለሙያም ያላቸው አገሮች ቀጠሮ ካስተላለፉ፣ ቀጠሮ መተላለፉ በሌላም አገር ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። ሆኖም አስቀድሞ የተዘጋጀ ነጋዴ በቀጠሮ መተላለፍ አይጎዳም፤ «ይተላለፋል» ብሎ የተኛ ግን ባልተላለፈ ቀን ይያዛል።

የሰው ዝግጅትም ከወረቀቱ አያንስም። በብዙ የንግድ ቤት የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንዳንዴም የተመዘገበው ስልክ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ወይም የትራንዚተሩ ሆኖ ይገኛል። ሥርዓቱ በተለወጠ ማግሥት ሁሉም እንደ ገና ይመዝገብ ሲባል፣ ማረጋገጫው ቁጥር ወደማይገኝ ሰው ስልክ ይሄዳል። ስለዚህ ስልኩና የኤሌክትሮኒክ አድራሻው በድርጅቱ ስም ይሁን፤ አሠራሩን ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይማሩት፤ ለትራንዚተሩ የተሰጠው ውክልናም የጸና መሆኑ ይመርመር።

ከዚያም የቀን አቈጣጠር ጥበብ አለ። ለውጡ የሚጀምርበት ቀን ሲታወቅ፣ የንግድ ቤቱ ያልተዘጉትን ጉዞዎች በዝርዝር አውጥቶ፣ ከትራንዚተሩና ከአጓጓዡ ጋራ እያስተያየ፣ ከቀኑ በፊት የሚያልቁትን ያስጨርስ፤ ለማያልቁት የሰነዱን ቅጅ፣ የማኅተሙን ቁጥርና የዋስትናውን ማስረጃ በእጁ ይያዝ። ለመስከረም ትምህርት ቤት የሚፈለግ ደብተር ወይም ለበዓል የሚሸጥ ዕቃ ያዘዘ አስመጭ፣ ጭነቱ በለውጡ ሳምንት እንዳይገባ ትእዛዙን ያስቀድም ወይም ያዘግይ። ለመጋዘን ኪራይና ለኮንቴይነር ማቆያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ለብቻው ይቀመጥ።

ላኪውም ከዚህ ውጭ አይደለም። ቡና፣ ሰሊጥ ወይም ቦሎቄ የሚልክ ሰው በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ተጽፎበታል። ዲክላራሲዮኑ በኮምፒዩተር መዘግየት ምክንያት ሳያልፍ ቀርቶ መርከቡ ካመለጠ፣ የገዥው ባንክ የሚያየው ያለፈውን ቀን ነው እንጂ የዘገየበትን ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በለውጡ ወራት የሚዋዋል ላኪ ከገዥው ጋራ ሰፋ ያለ የመጫኛ ጊዜ ቢስማማ ይጠቀማል። ባለሱቁም ቢሆን፣ ራሱ አስመጭ ባይሆን፣ የሚሸጠው ዕቃ ከዚሁ መንገድ የሚመጣ ነውና፣ ቶሎ የሚያልቀውን ለይቶ ጥቂት ቢያስቀምጥ ደንበኛውን ባዶ እጁን አይመልስም።

ይህ ሁሉ ከነጋዴው ይጠበቃል። ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በነጋዴው ላይ መጣል ፍርድ አይሆንም። ለውጡን የሚያደርገው መሥሪያ ቤት የሚጀምርበትን ቀን በበቂ ጊዜ አስቀድሞ ማስታወቅ፣ ከዚያም በፊት ነጋዴውና ትራንዚተሩ የሚለማመዱበት የሙከራ ጊዜ መስጠት ይገባዋል። ትምህርቱም በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በድሬ ዳዋ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌም ይሰጥ። ኮምፒዩተሩ በሚቆምበት ጊዜ በወረቀት የሚሠራበት ሥነ ሥርዓት አስቀድሞ ተጽፎ ይውጣ፤ በአውሮፓው የትራንዚት ሥርዓት ውስጥ ይህ ዐይነቱ መጠባበቂያ አሠራር በደንብ የተደነገገ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ሥርዓቱ በመቆሙ ምክንያት ዕቃው በደረቅ ወደብ የቆየባቸው ቀናት በባለዕቃው ላይ ኪራይ ሊቈጠሩበት አይገባም። ነጋዴው ባልሠራው ጥፋት የሚከፍለው ገንዘብ መጨረሻ የሚያርፈው በገዥው ላይ ነው፤ በዳቦ ቤቱ ዱቄት፣ በሕክምናው መድኃኒት፣ በተማሪው ደብተር ላይ። ትልልቆቹ የንግድ ቤቶች ጉዳያቸውን የሚያስረዱላቸው ጠበቆችና ሠራተኞች አሏቸው። ትንሹ ነጋዴ ግን ያለው የምክር ቤቱ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶች ይህንን ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጅተው፣ ለውጡ ከመድረሱ በፊት ለጉምሩክ ኮሚሽንና ለደረቅ ወደብ አስተዳዳሪዎች ቢያቀርቡ፣ ከደረሰ በኋላ ከሚሰማው ጩኸት የበለጠ ይጠቅማል። ጥያቄው ክብደት እንዲኖረው ግን አባላቱ ኮምፒዩተሩ የቆመበትን ቀንና ሰዓት፣ የተከፈለውንም ኪራይ፣ ከነደረሰኙ መዝግበው ይያዙ፤ ማስረጃ የሌለው አቤቱታ ሰሚ አያገኝም።

አዲስ ሥርዓት በመልካም ቢሠራ ለንግድ ጥቅም እንዳለው የሚክድ የለም። ወረቀት ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት መመላለስን ያስቀራል፤ ባለዕቃውም ዕቃው የት እንደ ደረሰ በተቀመጠበት ሆኖ እንዲያውቅ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳይዘጋጁ የሚገቡበት ለውጥ ያዳነውን ጊዜ መልሶ ይወስደዋል። የነጋዴው ድርሻ ስሙን፣ ቁጥሩንና ወረቀቱን ማስተካከል ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ቀኑን ማስታወቅና ኪሣራውን በትክክል መዳኘት ነው። ሁለቱም ድርሻቸውን ከፈጸሙ፣ ለውጡ በሚጀመርበት ቀን ከጅቡቲ የተነሣው ኮንቴይነር ከነመዝገቡ ሞጆ ይገባል።