እግር የሚበላ ገንዳ
(ርእሰ አንቀጽ)

ባለፈው ሳምንት አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሐይቁ ዳር ባለው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ካልሲውን እንዳጠለቀ ሲዋኝ ያየው ሁሉ ሳቀበት። እኛም ስቀናል፤ አንክድም። ቀርበን ብንጠይቀው ግን ካልሲውን አውልቆ የሁለቱን አውራ ጣቶቹን ውስጠኛ ክፍል አሳየን። ቆዳው በሞረድ የተፋቀ ይመስል ተልጧል። «ገና ተማሪ ነኝ፤ ጥልቀት በሌለው በኩል እየቆምኩ አርፋለሁ፤ ወለሉ በላኝ» አለ። ሳቃችን እዚያው ላይ ቀረ።

የገንዳውን ስም መጥራት አያስፈልገንም። የምንዋኝበት እናውቀዋለን፤ የሚያስተዳድሩትም ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ደግሞም ከዚህ በታች እንደምንገልጸው በነገሩ ውስጥ የእኛም የተማሪዎቹ እጅ አለበት።

«መዋኛ የቅንጦት ጉዳይ ነው፤ ማኅበሩ ስለ ምግብ ቤቱና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ቢጽፍ ይሻላል» የሚል ጓደኛ እንደማይታጣ እናውቃለን። ጣናን የሚያህል ውሃ ከደጅ ተዘርግቶ ሳለ ገንዳ ምን ያደርጋል? የሚለውንም ሰምተናል። መልሱ አጭር ነው፤ ቢልሃርዚያ። የዚህ በሽታ ትል በሐይቁ ዳር በሣርና በቄጠማ መካከል ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን ዛሬ መድኃኒቱን ውጦ ነገ ወደ ሐይቁ የተመለሰ ሰው ነገ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ቢያዩ ለዓለም የሚተርፍ ምርምር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ትሉ ግን ከጣና ዳር አልወጣም። ስለዚህ በባሕር ዳር ዋና መማር ለሚፈልግ ሰው ንጹሕ ገንዳ ቅንጦት አይደለም። ገንዳው እግሩን ሲልጠው ተማሪው ዋናውን አይተውም፤ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። የካልሲው ጌታ እንኳ «እንዲህ ከሆነስ ጣና ይሻለኛል» ሲል በጆሯችን ሰምተነዋል። ይህን ርእሰ አንቀጽ ያጻፈን ያ ቃሉ ነው።

እንግዲህ ወለሉ ለምን እግር ይበላል? የገንዳ አካል አርማታ ነው። እኛ የምንረግጠው ግን አርማታውን ሳይሆን በላዩ የተደረበውን ልስን ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ከነጭ ሲሚንቶና ከእብነ በረድ ዱቄት የሚቦካ ነው። ውሃው ወደ አርማታው እንዳይሰርግ፣ ከዚያም አልፎ ፌሮውን እንዳያዝግ የሚከለክለው ይህ ስስ ልብስ ነው። ልብስ ስለሆነም ያልቃል። ውሃው በሚገባ ከተያዘለት ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ካልተያዘለት ግን ከግማሹ ዕድሜ ሳይደርስ ያረጃል።

የሚያስረጀውም ውሃው ራሱ ነው። ውሃ ይራባል ብንል የሚስቅብን ይኖር ይሆናል፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ግን ይመሰክሩልናል። ኮምጣጣነቱ ያለፈ ወይም ካልሲየም ያነሰው ውሃ የጎደለውን ከግድግዳው እየላሰ ይሞላል። ፒኤች የሚባለው መለኪያ ከ7.2 በታች ሲሰነብት ልስኑ ይበላል፤ ከ7.8 በላይ ሲወጣ ደግሞ ውሃው የያዘውን ኖራ ይተፋና በግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ሁለቱም እግር ይፍቃሉ። መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም፤ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ሊጠረግ ይችላል፣ የተበላው ልስን ግን ተመልሶ አይበቅልም። ሻካራውን ወለል ሁሉ በአሲድ ማጠብ መፍትሔ የሚመስላቸው ሠራተኞች አሉ። አሲድ ቀርቶ የነበረውን ጥቂት ልስንም ይጨርሰዋል። አንድ ጊዜ ቢያምር፣ በሁለተኛው ዓመት እግር ይበላል።

ልስኑ ማለቁን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አሮጌ የናይሎን ካልሲ በእጅ አጥልቆ ከውሃው በታች ግድግዳውን ማበስ ነው፤ ካልሲው በአንድ ቦታ ብቻ ከያዘ ያ ቦታ ይጠገናል፤ በሄዱበት ሁሉ ከያዘ ግን ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ዝልግልግም ይመሰክራል። በጤናማ ልስን ላይ የበቀለ አልጌ በብሩሽና በክሎሪን ተጠርጎ ይሄዳል፤ በተበላው ላይ የበቀለው ግን ክሎሪን ከማይደርስበት ቀዳዳ ውስጥ ተሸሽጎ በሦስተኛው ቀን በዚያው ቦታ ብቅ ይላል። በእኛ ገንዳ በደረጃው ግራ በኩል ያለውን አረንጓዴ ጥላ አስተውሉ። በየሰኞው ይጠረጋል፤ ሐሙስ ይመለሳል። ለክሎሪን የሚወጣው ገንዘብ ሲበዛ ጥፋቱ የክሎሪኑ ነጋዴ ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን የወለሉ ነው።

ቡናማ ነጠብጣብ ሲታይም ከመደናገጥ በፊት አንድ የቫይታሚን ሲ እንክብል ጨፍልቆ በጨርቅ ቋጥሮ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ነጠብጣቡ ላይ መጫን ይበቃል። ከደበዘዘ የብረት ዝገት ነው። ከወደቀ የፀጉር መርፌ የመጣ ከሆነ እዚያው ያበቃል። ነገር ግን ተጠርጎ በዚያው ነጥብ ላይ ደጋግሞ ከተመለሰ ከውስጥ የሚያለቅሰው ፌሮው ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ከለሳኙ እጅ ወጥቶ የመሐንዲሱ ይሆናል።

ስንጥቅ ያየ ሁሉ ይጮኻል፤ መጮኽ ግን ለሁሉም አይገባም። እንደ ሸረሪት ድር የሆነው ቀጭን ስንጥቅ በብዙ ገንዳ ላይ ያለና ለብዙ ዓመት ምንም የማያመጣ ነው። የሚያሰጋው ጥፍር የሚያስገባውና የሚረዝመው ነው፤ መርዘሙንም ለማወቅ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ከጎኑ ቀኑን መጻፍ ነው። እንዲሁም ደረጃውንና ግድግዳውን በእንጨት እጀታ ማንኳኳት፤ የተጣበቀ ልስን ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ከአርማታው የተላቀቀው ግን እንደ ከበሮ ይጮኻል። የተላቀቀ ልስን አንድ ቀን በዋናተኛው እጅ ላይ ተገንጥሎ ይወጣል፤ ጠርዙም ምላጭ ነው።

ገንዳው ውሃ ያፈሳል ወይስ ፀሐዩ ነው የሚጠጣው? ይህ ክርክር በየዓመቱ በበጋ ይነሣል፤ የሚፈታውም በአንድ ባልዲ ነው። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ሞልቶ በገንዳው ደረጃ ላይ ማስቀመጥ፤ የውስጡንና የውጪውን የውሃ ልክ ምልክት ማድረግ፤ ዋናው እንዲቆም፣ ፓምፑም ውሃ እንዳይጨምር አድርጎ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት መተው ነው። ፀሐይ ከባልዲውም ከገንዳውም እኩል ትጠጣለች። ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከጎደለ ልዩነቱ በስንጥቅ ወይም በቧንቧ የሄደ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው እንናገረዋለን። ጥልቅ በሆነው ጫፍ፣ ወለሉ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ወንፊት ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ጥርት ብሎ ካልታየ ገንዳው በዚያው ሰዓት መዘጋት አለበት። ይህ በየትም አገር የታወቀ ደንብ ነው። የሰመጠ ሰው አይጮኽም፤ ጠባቂው የሚያድነው በዐይኑ ብቻ ነው። ወለሉ ነጭ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። በእኛ ገንዳ ግን ጥልቁ ጫፍ በጥቁርና በቡናማ ጥላ ከተሸፈነ ሰንብቷል። ውሃው ጥሩ በሆነበት ቀን እንኳ በዚያ ጥላ ላይ የተኛን ሰው ከጥላው መለየት አይቻልም። የልስን ጉዳይ የውበት ጉዳይ ነው የሚሉን ሰዎች አንድ ጊዜ በዚያ ጫፍ ቆመው ወደ ታች ይመልከቱ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት ገንዳው ለአንድ ወር ተኩል ለእድሳት ይዘጋል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። የጮኸው ማን ነው? እኛ ነን። የከፈልንበት ካርድ ነው፣ የውድድራችን ወቅት ነው እያልን ፊርማ አሰባሰብን፤ ይህ ጋዜጣም በሁለተኛው ገጹ ደግፏል። ማስታወቂያው ተነሣ፤ በእድሳቱ ፈንታም ገንዳው በጥቂት ቀን ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ተከፈተ። አጨበጨብን። በተላቀቀ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ግን የሚይዘው የለውም፤ ከልስኑ ጋር ይነሣል። ከዚያም በላይ ስንጥቁን ይሸፍናል፣ ነጠብጣቡን ያጠፋል፣ የሚመሰክረውን ሁሉ አፉን ይዘጋል። ዛሬ በፎጣችን ላይ የምናገኘው ሰማያዊ ዱቄት ያ የድላችን ቀለም ነው።

በዚህ ነገር ከጎንደር የምንማረው አለን። በአፄ ፋሲለደስ (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 የነገሡ) ተሠራ የሚባለው የጥምቀት መዋኛ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይቆይና ለጥምቀት በዓል ከቀሓ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ የዛፎቹ ሥሮች የአጥሩን ግንብ እንደ ጣት ጨብጠው ይዘውታል። ብዙ ዘመን ያቆየው የግንበኞቹ ጥበብ ብቻ አይመስለንም። ባዶውን ስለሚከርም በየዓመቱ ከመሞላቱ በፊት ሰው ወለሉን በእግሩ ይረግጠዋል፤ የተሰነጠቀው ይታያል። የእኛ ዘመናዊ ገንዳ ግን ዓመት እስከ ዓመት ሙሉ ነው፤ ሙሉ ስለሆነም ማንም አያየውም።

ታዲያ ነገ ጧት ይደረቅ አንልም፤ ችኮላውም አደጋ አለውና። ሃያ አምስት ሜትር በዐሥራ ሁለት ተኩል የሆነ፣ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ገንዳ 470 ቶን ያህል ውሃ ይይዛል። ገንዳውን መሬት ላይ ተጭኖ የሚያስቀምጠው ይህ ክብደት ነው። በሐይቅ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ መሬቱ በጠገበበት ወራት ገንዳው ባዶ ከተደረገ ባዶው አርማታ ታንኳ ይሆናል። ከታች የሚገፋው ውሃ ወለሉን ሊሰነጥቅ፣ ሲከፋም ገንዳውን በሙሉ ከመሬት ሊያነሣው ይችላል። ለዚህ ሲባል ከወለሉ ዝቅተኛ ቦታ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይደረጋል፤ ግን ያረጀ ቫልቭ በዝቃጭ ተደፍኖ ሊገኝ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

የጣና ውሃ በክረምቱ መጨረሻ፣ በመስከረም አካባቢ ከፍ ይላል፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ ቢቆጣጠርም ይህን የወቅት ልማድ ፈጽሞ አልሻረውም። ስለዚህ ገንዳውን ለማድረቅ የሚመቸው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ያም ጊዜ አጭር ነው። አሮጌውን ልስን ፈልፍሎ ማውጣት፣ አርማታውን መመርመር፣ አዲሱን መለሰን፤ ከዚያም ልስኑ በፀሐይ ሳይሰነጠቅ ሳያቋርጡ ውሃ መሙላት፤ በመጀመሪያዎቹም ሳምንታት ፒኤቹን በየቀኑ እየለኩ የሚለቀውን ዱቄት መቦረሽ አለ። የሲሚንቶው መጠንከሪያ ብቻውን አንድ ወር ያህል ይወስዳል። በግንቦት መጨረሻ የጀመረ ሰው ዝናቡ ባዶ ገንዳ ላይ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ እንደገና ቀለም ይቀባና አንድ ዓመት ያልፋል።

የማኅበሩ የስፖርት ኮሚቴ ለገንዳው አስተዳደር ደብዳቤ ጽፏል። የለመነው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ በመጪው ቅዳሜ ከዋና ሰዓት በኋላ እስከ እሑድ ማታ ባልዲያችንን በደረጃው ላይ እንድናስቀምጥና ግድግዳውን እንድናንኳኳ እንዲፈቀድልን፤ ሁለተኛ ውጤቱ የምንፈራው ከሆነ ገንዳው ሚያዝያ እንደገባ እንዲዘጋና ልስኑ እንዲታደስ ነው። በደብዳቤው መጨረሻም ገንዳው ለእድሳት በሚዘጋባቸው ወራት ማኅበሩ የካርድ ገንዘብ ይመለስልን ብሎ እንደማይጠይቅ፣ ፊርማም እንደማያሰባስብ ገልጿል። ይህን ቃል የገባነው በእናንተ ስም ስለሆነ የሚቃወም ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ለኮሚቴው ያሳውቅ። ባልዲው ተገኝቷል፤ ከሴቶች ማደሪያ በውሰት የመጣ ስለሆነ ሰኞ ጧት ይመለሳል።