ጎታች ሞልቶ ቆፋሪ ጠፋ

ላስታ ውስጥ መርከብ የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከድንጋይ የተፈለፈለ ነው። የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው ይሉታል። ከዚያ በቀር ለደጋው ሰው መርከብ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። «ይመስላል» ነው ያልኩት። ሙጃ ዙሪያ የጊዳን ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ በመርከብ የመጣ ነው። በክፉ ቀን በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ እየተሰፈረ የሚታደለው ስንዴም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው። የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የሱቁ ዘይት፣ የአይሱዙው ጎማ... እያላችሁ ብትቆጥሩ፣ ባሕር አይታ የማታውቀው ሙጃ ከባሕር ጋር በየቀኑ ትገናኛለች።

ስለዚህ ዛሬ ስለ መርከብ ላወራ ነው። አሸዋ ስለያዛት መርከብ፣ እንዴት እንደወጣች፣ እኛ ደግሞ ከዚያ ምን ሳንማር እንደቀረን።

ስድስት ቀን በስዊዝ

መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የተባለች የኮንቴይነር መርከብ በስዊዝ ቦይ ወደ ሰሜን ስትጓዝ ኃይለኛ ነፋስና አቧራ መሀል መንገዷን ሳተች። አፍንጫዋ አንዱን ዳር፣ ኋላዋ ሌላውን ዳር ያዘና ቦዩ ላይ እንደ በር መቀርቀሪያ ተጋደመች። ርዝመቷ 400 ሜትር፣ ወርዷ 59 ሜትር ነው። ከ18 ሺህ በላይ ኮንቴይነር ተሸክማለች። አራት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ብትቀጥሉ ነው የምታክላት።

በዚያ ቦይ ያኔ ከዓለም ንግድ 12 በመቶ ገደማው ያልፍ ነበር። ከኋላዋና ከፊቷ ከ400 በላይ መርከቦች ተሰልፈው ቆሙ። የዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ካሜራውን ወደዚያ አዞረ። በየሰዓቱ ዜና ነው። «ነቃነቀች»፣ «አልነቃነቀችም»፣ «ትንሽ ዞረች»...

መጀመሪያ የተሞከረው መጎተት ነበር። ጎታች ጀልባዎች መጡ፣ ገመዳቸውን አሰሩ፣ ጎተቱ። መርከቧ ወይ ፍንክች! በሌላ በኩል አንዲት ቢጫ ኤክስካቫተር ከመርከቧ አፍንጫ ሥር አፈር ስትዝቅ የሚያሳይ ፎቶ ወጣ። ዓለም በሳቅ ፈረሰ። ተራራ በማንኪያ የሚቆፈር ይመስል ነበርና። ግን ቁፋሮው ቀጠለ። ከውሃ ሥር አሸዋ እየመጠጠ የሚያወጣ ልዩ መርከብም መጥቶ 30 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋና ጭቃ ተነሳ። ጥልቀቱ 18 ሜትር ድረስ ተቆፈረ። መጋቢት 19 ጨረቃ ሙሉ ሆነች። ጨረቃ ስትሞላ የባሕሩ ውሃም ከወትሮው ከፍ ይላል፤ አዳኞቹም ይህንን ሲጠብቁ ነበር። መጋቢት 20 ቀን መርከቧ ተንሳፈፈች። ይህ ባይሳካ ኖሮ ቀጣዩ ዕቅድ ኮንቴይነሮቹን እያወረዱ ማቅለል ነበር።

እስቲ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ከሥር ተቆፈረ፤ ውሃው የሚሞላበት ሰዓት ታውቆ ተጠበቀ፤ የመጨረሻው ጉተታ ፍሬ ያፈራው ከዚያ በኋላ ነው። ጉተታ ብቻውን ቀናት ሙሉ ተሞክሮ አላወጣትም።

አንድ ነገር ልጨምር። መርከቧ ከአሸዋው ብትወጣም ቤቷ አልገባችም። የካሳ ክርክሩ እስኪቋጭ ግብፅ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ድረስ አግታ አቆየቻት። ጭነቱም አብሯት ታገተ። ካሜራው ግን ያኔ ወደ ሌላ ጉዳይ ሄዷል። ነጻ መውጣት ሌላ፣ መድረስ ሌላ መሆኑን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የባሮ ሕግ

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» እንዳትሉኝ። የእኛም ወንዝ ላይ በእንፋሎት የሚሄዱ የጭነት መርከቦች ይመላለሱ ነበር። በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ጣቢያው በኋላ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ከካርቱም የሚነሱት መርከቦች በነጭ ዓባይ ሽቅብ ወጥተው፣ በሶባት በኩል ባሮ ይገባሉ። ጨውና ጨርቅ አራግፈው የነጎሬን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ቡናው ከደጋው እስከ ወደቡ የሚወርደው በበቅሎና በሰው ጀርባ ነበር።

የባሮ ሕግ ቀላል ነው፤ ውሃው ሲሞላ ትገባለህ፣ ሳይጎድል ትወጣለህ። መርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ገደማ ብቻ ነበር። በጋ ሲገባ ወንዙ ይሳሳል፣ አሸዋው ጀርባውን ያወጣል። ዘግይቶ አሸዋ የያዘው ካፒቴን ጉልበት አያወጣውም፤ የሚቀጥለውን ክረምት ዝናብ ይጠብቃል እንጂ። ስለዚህ ጋምቤላ ላይ ነጋዴ መሆን ማለት ከሁሉ በፊት ቀን መቁጠር ማወቅ ማለት ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡ ንግድም እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ። ሕጉ ግን አልተሻረም። ዕቃ የሚደርሰው መንገዱ ሲፈቅድ ነው፤ መንገዱ የሚፈቅድበትን ወር ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል።

ደጋው ላይ ይኸው ሕግ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ባሮ ላይ ክረምት መንገድ ይከፍታል፤ ላስታ ላይ ክረምት መንገድ ይዘጋል።

አይሱዙና ታኮ

የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ባለበት ደጋ ክረምቱ ሲገባ የአፈርና የጠጠር መንገድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ጎርፉ ከላይ ይወርዳል፣ የውሃ መውረጃው ይደፈናል፣ ውሃው መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። የተጫነ አይሱዙ ይመጣል፣ ይሰምጣል። ከኋላው ያለውም ይቆማል። ቦዩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ትንሹ ስዊዝ።

አሁን ረዳቱ ምን እንደሚያደርግ እዩልኝ። ከቻለ ጭነቱን ያቀላል። ከጎማው ፊት ጭቃውን በአካፋ ይዝቃል። ድንጋይና ቅጠል ሥሩ ይጎዘጉዛል፣ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ታኮ ያደርጋል። የአካባቢው ገበሬ ዶማውን ይዞ ወጥቶ ያግዘዋል። ገመዱ የሚታሰረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዓለም አሉ የተባሉ መርከብ አዳኞች ስዊዝ ላይ ስድስት ቀን የፈጀባቸውን ቅደም ተከተል ረዳቱ ያለ ማንም አስተማሪ ያውቀዋል።

ታዲያ ችግሩ ከየት መጣ? ከላይ ነው። ከላይ ያሉት የሚያውቁት መጎተት ብቻ ነው። «ማዳበሪያው በአስቸኳይ ይድረስ!» ይባላል ሰኔ ላይ። ስብሰባ ይጠራል፣ መመሪያ ይወርዳል፣ ስልክ ይደወላል። ሁሉም ገመድ ነው። ጥርና የካቲት ላይ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ የታወቀችውን ያቺን መኪና የምትበላ ቦታ ቆፍሮ ቱቦ የቀበረ፣ ኮረት ያለበሰ የለም። በየዓመቱ እዚያው ቦታ ይሰምጣል፤ በየዓመቱም «ድንገተኛ» ይባላል።

«ደረሰ» የሚሉት ቃል

ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና በግዝፈቱ፣ በቅርበቱ፣ በሚያመጣው ተጽዕኖ ይመዘናል ተብለናል። ጥሩ። እስቲ በየዓመቱ የምንሰማውን ዜና በዚሁ እንመዝነው። «ይህን ያህል ሺህ ቶን ማዳበሪያ የጫነች መርከብ ጅቡቲ ደረሰች።» ግዝፈት አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፎቶ አለው። ግን ለማን ነው የደረሰው? ለገበሬው «ደረሰ» ማለት ከማሳው ዳር ደረሰ ማለት ነው፤ ያውም ከመዝሪያው ቀን በፊት። ከመዝሪያው በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ለእሱ አልደረሰም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ እስከ መውጣት ሄደዋል። ገበሬ ሥራውን ትቶ ከተማ የሚገባው ጨርሶ ሲጨንቀው ነው።

ይሄ ታሪክ አዲስ አይደለም። በ1977ቱ ረሃብ ዓለም እህል ላከ፤ አሰብ ወደብ ላይ እህሉ ተከምሮ ማመላለሻ መኪና ታጣ። በ2008ቱ ድርቅ ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በአንድ ጊዜ ጅቡቲ ላይ ተገናኝተው ለማራገፍ ሳምንታት ወረፋ ጠበቁ። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ተነሳች። ጉዞዋን ዓለም በዜና ተከታተለ። ነሐሴ 24 ቀን ጅቡቲ ስትገባ ተጨበጨበ። ከዚያ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 18፣ የጊዳን ጎረቤት በሆነችው ቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተቀስቅሶ ነበር። ባሕሩ ሲከፈት የብሱ ተዘጋ። የኤቨር ጊቭንን ነገር ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ከአሸዋ መውጣት መድረስ አይደለም።

«መንገዱን የዘጋው እኮ ጭቃ ብቻ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድን በስንት ቦታ እንደቆረጠ የምናውቀው ነው። ጥይትን በአካፋ አታነሱትም። ነገር ግን ይህ ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መንገዱ የሚከፈትባቸው ቀናት ጥቂት ከሆኑ፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ጭቃ ሊይዘን አይገባም። ሰላም በወረደባት አንዲት ሳምንት መኪናው ቱቦ በሌለው ጎርፍ ሲቆም ጥፋተኛው ጦርነቱ ነው ልንል አንችልም።

«ኤቨር ጊቭንን ከአንድ አይሱዙ ጋር እንዴት ታወዳድሪያለሽ?» የሚልም አይጠፋም። እንቁጠረው እንግዲህ። አይሱዙው 60 ኩንታል ስንዴ ጫነ እንበል። 6,000 ኪሎ ማለት ነው። ለ15 ሲካፈል የ400 ሰው የወር ቀለብ ነው። ከኤቨር ጊቭን ጭነት አብዛኛው ቢዘገይ ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ይሳሳል። አይሱዙው ሲዘገይ ግን 400 ሰው በረሃብ ቀን ይቆጥራል። በየትኛው መመዘኛ ነው የመጀመሪያው ዜና፣ ሁለተኛው ወሬ የሆነው?

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሙጃ ድረስ ባቡር ይዘርጋ አላልኩም።

አንደኛ፣ «ደረሰ» የሚለው ቃል ከወደብ ይነሳና ወረዳ ይውረድ። ሪፖርቱ ጅቡቲ ስንት ቶን እንደተራገፈ ሲነግረን፣ ጊዳን መጋዘን ስንት ኩንታል በስንት ቀን እንደገባም ይንገረን። ያልተቆጠረ መዘግየት ተጠያቂ የለውም።

ሁለተኛ፣ የባሮን ሕግ እናክብር። ክረምት መቼ እንደሚገባ ከማንም የተደበቀ ምሥጢር አይደለም። ለደጋው የሚሄደው ማዳበሪያም ሆነ የመጠባበቂያ እህል መሬቱ ደረቅ ሳለ ቀድሞ ይውጣ። ለቆላውና ለአስፓልት ዳር ከተማው በኋላ ቢሄድ ችግር የለም፤ መኪና ሁልጊዜ ይደርስለታል።

ሦስተኛ፣ መኪና የምትበላዋን ቦታ ሾፌሩ ያውቃታል፣ ረዳቱ ያውቃታል፣ ገበሬው ያውቃታል። በበጋ ጠይቋቸው። መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ መሥራት ባይቻል አምስት ክፉ ቦታ መጠገን ይቻላል። የስዊዟ መርከብ የተፈታችው ቦዩ በሙሉ ስለሰፋ አልነበረም፤ የያዛት ቦታ ስለተቆፈረ ነው።

አራተኛው የእኛ የባለሙያዎቹ ዕዳ ነው። መርከቧ ወደብ ስትገባ ያነሳንበትን ካሜራ ከሁለት ወር በኋላ እንመልሰው። ወረዳው መጋዘን ስልክ እንደውልና «ደረሰላችሁ?» እንበል። አንድ ጥያቄ ናት። ግን በየዓመቱ እንደምትጠየቅ የሚያውቅ ኃላፊ ሥራውን ጥር ላይ ይጀምራል።

ላስታ ስለ ቁፋሮ ምክር የሚሰጠው አገር አይደለም። ዐለት ከላይ ወደ ታች ቆፍሮ ቤተ ክርስቲያን ያወጣ ሕዝብ፣ ጭቃ ቆፍሮ መኪና ማውጣት አያቅተውም፤ ሲያወጣም ኖሯል። አንዴም ብቻውን ባይቆፍር ምናለ?

ለዘንድሮው ክረምት ገመዱን ትታችሁ አካፋውን አንሱ። ቸር እንሰንብት።