ከቧንቧችን ስለሚወርደው ውሃ ጥንካሬና ጥራት የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የምንኖር፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በማኅበር የተደራጀን የቤት ባለቤቶች፣ ስለምንጠጣው፣ ስለምናበስልበትና ልጆቻችንን ስለምናጥብበት የቧንቧ ውሃ በጠቅላላ ጉባኤያችን ተወያይተን የያዝነውን አቋም በዚህ መግለጫ እናሳውቃለን። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ወደየቤታችን የሚገባው ውሃ ከየት እንደመጣና ምን እንደያዘ በየጊዜው ይነገረን።

በብሎኮቻችን መግቢያ ቡና የምታፈላ እህታችን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወደ ጉባኤው መጥታ ነበር። ከገዛችው ዓመት አልሞላውም። ክዳኑን ስትከፍተው ውስጡ እንደ ኖራ በነጣ፣ አልፎ አልፎ ቡናማ በሆነ ቅርፊት ተለብጧል፤ በማንኪያ ጀርባ መታ መታ ስታደርገው እየተሰነጠቀ ረገፈ። አቼቶ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ደፈቀ። ከመካከላችን አንድ አባት ተነሥተው «ብረቱን እንዲህ ካደረገው ኩላሊታችንን ምን ያደርገው ይሆን?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ይህን ጥያቄ በየቤቱ የማይጠይቅ የለም፤ መልስ የሚሰጥ አካል ግን እስካሁን አላገኘንም። ስለዚህ የምናውቀውን እኛው እንናገር።

የአዲስ አበባ ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ ነው። ክረምት ሲገባ ይደፈርሳል፤ ጭቃው በአልሙኒየም ሰልፌት እንዲዘቅጥ ተደርጎ፣ ተጣርቶና በክሎሪን ታክሞ ይላካል። የያዘው ማዕድን ጥቂት ነው። ወደ ደቡቡ የከተማዋ ክፍል በብዛት የሚደርሰው ግን ከአቃቂ የጉድጓድ መስክና በየአካባቢው ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳበው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ይህ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ሲጓዝ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይመጣል። ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ ሲሞቅ ግን የሟሟው ማዕድን ይለይና የማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ጠንካራ ውሃ የሚባለው ይህ ነው።

ለአባታችን ጥያቄ ያለን መልስ የሚያረጋጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃ ስለጠነከረ ብቻ ጤናን ይጎዳል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ እንደሌለ ገልጾ፣ ለጥንካሬ ከጤና አንጻር የወሰን ቁጥር አላስቀመጠም። የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ደግሞ አጠቃላይ ጥንካሬ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር ከ300 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይጠይቃል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው የሐኪሙን ምክር ይከተል፤ ሌላው ግን ማንቆርቆሪያውን አይቶ አይደንግጥ።

የውሃው ጥንካሬ የሚጎዳው ኪስን ነው። ሳሙናው ከካልሲየሙና ከማግኒዥየሙ ጋር ተጣብቆ እንደ እርጎ ይቋጠራል፤ አላረፋ ይላል። በየቤቱ እየዞሩ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ቀድሞ በአንድ ሳሙና የሚጨርሱትን ልብስ ዛሬ ሌላ ሳሙና ሳይጨምሩ እንደማይጨርሱ ይነግሩናል። ነጠላው ይሻክራል፤ ነጩ ልብስ ይደበዝዛል። የሻወር ማሞቂያ ውስጡ በቅርፊት ስለሚሸፈን ያንኑ ውሃ ለማሞቅ ብዙ መብራት ይፈጃል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ከሁሉ ይልቅ ግን አንዳንድ ሳምንት ሳሙናው በደንብ ያረፋል፤ በሌላው ሳምንት እምቢ ይላል። የውሃችን ምንጭ ሳይቀየር እንዳልቀረ የምንጠረጥረው በሳሙናችን ነው። ይህ ሊሆን አይገባም።

የምንጭ ለውጥ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ዓለም አይቶታል። በአሜሪካ ፍሊንት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የውሃው ምንጭ ሲቀየር፣ አዲሱ ውሃ ቧንቧ እንዳይበላ የሚያደርገው ሕክምና ስላልተደረገለት ከአሮጌ ቧንቧዎች የወጣ እርሳስ ወደ ነዋሪው ብርጭቆ ገባ። ሰዎች ቀለሙና ሽታው ተለወጠ ብለው ሲጮኹ ከአንድ ዓመት በላይ ደህና ነው ሲባሉ ቆዩ። ስለዚህ ማዕድኑ ሙልጭ ብሎ ይውጣልን አንልም፤ በቧንቧ ውስጥ የሚጋገረው ስስ ቅርፊት ብረቱን የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። የምንለው፣ ሲቀየር ይነገረን ነው።

ይህን ካልን በኋላ፣ ከጥንካሬው ይበልጥ የሚያሳስበንን በግልጽ እንናገር። እርሱም ፈረቃው ነው። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው የሻይ መልክ ያለው፣ አንዳንዴም የሚሸት ነው። ሁላችንም የመጀመሪያውን ባልዲ ለመጸዳጃ ቤት ማዋልን ተምረናል። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይወድቃል፤ በተሰነጠቀ ቧንቧና በላላ መገጣጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለው እርጥበት ወደ ውስጥ ይሳባል። በእኛ ክፍለ ከተማ የውሃና የፍሳሽ መስመር ጎን ለጎን የሚሄድባቸው፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝም የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል የሚያልፍባቸው ሰፈሮች አሉ። በ2008 ዓ.ም. አተት በከተማዋ ሲከሰት ያየነውን አልረሳንም። ከጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ በመንገድ ሊበከል ይችላልና፣ የጉድጓዱ የምርመራ ውጤት ብቻውን አያሳርፈንም፤ ምርመራው ቧንቧችን ላይ ይደረግ።

እዚህ ላይ አባሎቻችንን አንድ ነገር እናሳስባለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ስለዚህ እየተንተከተከ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከሚያፈስ የፍሳሽ መስመር ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገውን ናይትሬት ግን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር እንዲያውም ይበልጥ ያጠራቅመዋል። ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም ሲያልፍ በተለይ የዱቄት ወተት ለሚጠጡ ጨቅላዎች አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያጣል። ማንቆርቆሪያው ላይ ቅርፊት አይሠራም፤ ቀለምም ጣዕምም የለው። ሊያውቀው የሚችለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ውጤቱን የምንጠይቀው።

ውጤቱ ባልተነገረበት ቦታ ሌላው ይናገራል። በየደጃችን የሚዞሩ የማጣሪያ ሻጮች እስክሪብቶ የመሰለ መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ነክረው ቁጥር ያሳዩና «ይኸው መርዙ» ይላሉ። መለኪያው የሚያሳየው የሟሟውን ማዕድን መጠን እንጂ መርዝን አይደለም፤ ጀርምንም አይቆጥርም። ከሚሸጡት ማጣሪያዎች አንዳንዶቹ አንድ ሊትር ለማጣራት ብዙ ሊትር ወደ ፍሳሽ የሚደፉ ናቸው፤ በፈረቃ ለሚኖር ቤት ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። በጨው የሚሠራው ማለስለሻ ደግሞ ካልሲየሙን አውጥቶ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጠቀምበት። ማኅበራችን ለአባላቱ ማጣሪያ አያስተዋውቅም፤ በግቢያችን ለሚደረግ ሽያጭም ፈቃድ አይሰጥም።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ንጹሕ ውሃ ለሁሉም እንዲደርስ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መንግሥታዊ አካላት በእጃቸው ያለውን መረጃ ለሕዝብ እንዲያደርሱ ያስገድዳል። የውሃ ምርመራ ውጤት ከዚህ መረጃ አንዱ ነው። ስለዚህ አቅራቢው መሥሪያ ቤት በየወሩ ለየሰፈሩ የጥንካሬን፣ የናይትሬትን፣ የፍሎራይድን፣ የተረፈ ክሎሪንንና የኢ-ኮላይን ውጤት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ማንም በሚረዳው አጻጻፍ በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሰሌዳና በክፍያ ደረሰኝ ላይ እንዲያሳውቅ እንጠይቃለን። ምንጩ ከጉድጓድ ወደ ግድብ ወይም ከግድብ ወደ ጉድጓድ ሲዞር ከመቀየሩ በፊት ይነገረን። ፈረቃው ከቀጠለም፣ ውሃው በተለቀቀ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቧንቧ ላይ ናሙና ይወሰድ፤ የክሎሪኑም መጠን በመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ድረስ መድረሱ ይረጋገጥ። ደፍርሶ ስለመጣ የደፋነው ውሃ ከቆጣሪው ላይ ይቀነስልን።

ከራሳችንም የሚጠበቅ አለ። በሕንፃዎቻችን አናት ላይ ያሉት ሮቶዎች ለዓመታት ያልታጠቡ ናቸው፤ በአንዱ ውስጥ ጣት የሚያክል ዝቃጭ፣ የተሰበረ ክዳንና የሞተ እርግብ አግኝተናል። ለዚህ ሌላ ተጠያቂ የለም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከዚህ በኋላ በየስድስት ወሩ ታጥበው በክሎሪን ይታከማሉ፤ ወጪው ከወርኃዊ መዋጮው ይሸፈናል፤ የታጠቡበት ቀን በደረጃው መግቢያ ይለጠፋል። የመጀመሪያው እጥበት በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ናሙና ለመውሰድ ለሚመጣ ባለሙያ በየብሎኩ ምድር ቤት ያለው ቧንቧ፣ ከሮቶው በፊት ያለው፣ በማንኛውም ሰዓት ክፍት ነው። ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ይገኛል።