ጃፓንን ምዕራባዊት እንበላት?

እንበላት

ሲድኒ ከቶኪዮ ይልቅ ወደ ምሥራቅ ገባ ያለች ከተማ ናት። አውስትራሊያን «ምዕራባዊት» ሲሏት ግን ቅር ያለው ሰው አላየሁም። ስለዚህ ካርታውን አጥፈን ሥራውን እንይ። የባለጸጋ አገራት መሪዎች በ1975 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ራምቡዬ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰቡ ጃፓን ከስድስቱ አንዷ ነበረች፤ ካናዳ እንኳ የገባችው በዓመቱ ነው። ሕገ መንግሥቷን ያረቀቁት የአሜሪካው ጄኔራል ማክአርተር ሰዎች ናቸው፤ በ1947 ከጸናበት ቀን ጀምሮ አንዲት አንቀጽ አልተነካችም። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወርም ከዋሽንግተንና ከብራስልስ ጎን ቆማ ማዕቀብ ጣለች። ዜና አንባቢው «ምዕራባውያን ማዕቀብ ጣሉ» ሲል ጃፓንንም ቆጥሮ ነው።

የለም፣ አይደለችም

ባልደረባዬ ካርታውን አጠፉት፤ መዝገቡን ግን አልገለጡትም። የተባበሩት መንግሥታት አባላቱን ለምርጫ ሲመድብ «ምዕራብ አውሮፓና ሌሎች» የሚባል ቡድን አለው። በዚያ «ሌሎች» ውስጥ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና እስራኤል አሉ። ጃፓንን የፈለገ ሰው የሚያገኛት ከቻይና ጋር፣ በእስያና ፓስፊክ ቡድን ውስጥ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ጃፓን በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ የዘር እኩልነት ይግባ ብላ ጠየቀች። ከ17 ድምፅ 11ዱን አገኘች፤ ሰብሳቢው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ግን ሁሉም አልተስማማም ብለው ጣሉት። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አሜሪካ ለጃፓን ስደተኞች በሯን በሕግ ዘጋች። ያኔ ምዕራብ ማን እንደሆነ የጠፋው ሰው አልነበረም።

የእኛም ሰዎች የወደዷት ምዕራብ ስላልነበረች ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የጃፓንን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት የተመለከቱት፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. እዚያ ድረስ ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ የጻፉት፣ ፈረንጅ ሳይሆኑ መሠልጠን እንደሚቻል ስላሳየቻቸው ነው።

መልስ

የሜጂው ሕገ መንግሥት እኮ ራሱ በአመዛኙ ከፕሩሲያ የተቀዳ ነው! አርቃቂው ኢቶ ሂሮቡሚ በ1882 እ.ኤ.አ. በርሊንና ቪየና ድረስ ሄደው፣ ከሊቃውንቱ እግር ሥር ተምረው ነው የተመለሱት። አባቶቻችን በጃፓን እጅ የተቀበሉት የበርሊንን ዕቃ ነው።

የመልስ መልስ

እንዲያ ከሆነማ እኛም በ1923 ዓ.ም. ምዕራብ ገብተን ነበር ማለት ነው። ታዲያ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ እንደ ወገን የቆጠረን ማን ነበር?