መንገደኛውና የማዕበሉ ባለቤቶች



ከክፍላችን ተማሪዎች አንዳንዶቹ «ፈተናው ካለፈ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ፥ «ገንዘብ አጠራቅመን፥ ጓዛችንን በጀርባችን አዝለን፥ ከጓደኞቻችን ጋር ወደ ሞቃት አገር የባሕር ጠረፍ እንሄዳለን፤ እዚያም ማዕበል እንጋልባለን» ብለው ይመልሳሉ። ይህን የሰሙ ወላጆች ነገሩ ዙረት ነው እንጂ ጉዞ አይደለም እያሉ ይቈጣሉ። ልጆቹም በበኩላቸው ወላጆቻችን ዘመኑን አላወቁልንም ይላሉ። እኔ ጉዞውን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ የምደግፈው አብዛኞቹ ጓደኞቼ በሚያስቡት ዐይነት አይደለም፤ ምክንያቱንም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በመጀመሪያ፥ በእንግሊዝኛ ሰርፊንግ የሚባለው ይህ ጨዋታ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ወላጆች ጥቂት ልበል። ጋላቢው በረዥም ሳንቃ ላይ በደረቱ ይተኛና በእጁ እየቀዘፈ ወደ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ማዕበሉ ከበስተኋላው ሲደርስበት ፈጥኖ በእግሩ ይቆማል፤ ከዚያም በሚወርደው ውሃ ፊት እየተንሸራተተ ወደ ዳር ይመጣል። ማዕበሉም እዚያው አጠገብ የተፈጠረ አይደለም። ዋልተር መንክ የተባለው የውቅያኖስ ሊቅ በ1963 ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው ምርመራ፥ በደቡብ ንፍቀ ክበብ የተነሣ አውሎ ነፋስ የገፋው ማዕበል ሰላማዊ ውቅያኖስን አቋርጦ እስከ አላስካ ጠረፍ እንደሚደርስ ተረድቷል። በስሪ ላንካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በአሩጋም ቤይ ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ የሚጋልቡት ወጣቶችም፥ በዐይናቸው አይተውት የማያውቁት የደቡብ ባሕር አውሎ ነፋስ የላከላቸውን ማዕበል ይጋልባሉ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ እጅግ ደነቀኝ። ማዕበሉ ጠረፍ ደርሶ ውሃው ሲያንስበት ሥሩ ይዘገያል፤ ራሱ ግን ከፍ ይልና ተሰብሮ ይወድቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በጀርባ ጓዝ አዝሎ ማዕበል ፍለጋ መዞርን ለዓለም ወጣቶች ካስተዋወቁት ነገሮች አንዱ፥ ብሩስ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ አዘጋጅቶት በ1966 በሰፊው የታየው «ማለቂያ የሌለው በጋ» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም ነው። በፊልሙ ውስጥ ሁለት የካሊፎርንያ ወጣቶች በጋን እየተከተሉ ዓለምን ይዞራሉ፤ ሴኔጋል፥ ጋናና ናይጄሪያም ይደርሳሉ። ፊልሙ ሲታይ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ጨዋታውን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይዘው የገቡት እነርሱ እንደ ሆኑ ያስመስላል። እውነቱ ይህ አይደለም። ሚካኤል ሄመርሳም የተባለ ጀርመናዊ በ1640ዎቹ ዛሬ ጋና በሚባለው ጠረፍ ልጆች በሳንቃ ላይ ሆነው ከባሕር ጋር ሲለማመዱ አይቶ ጽፏል። ከእርሱ ወዲህ በ1830ዎቹ ጄምስ አሌክሳንደር የተባለ እንግሊዝን የሚያገለግል መኰንን፥ የአክራ ልጆች ቀላል ሳንቃ ከሆዳቸው ሥር አድርገው ማዕበል እየጠበቁ እንደሚጋልቡ መስክሯል። እንግዲህ አፍሪካውያን ልጆች ይህን ጨዋታ ያውቁት የነበረው ካሊፎርንያ የአሜሪካ ግዛት ሳትሆን በፊት ነው።

የጨዋታው ስም የገነነው ግን በሃዋይ ደሴቶች ነው። የካፒቴን ኩክ መርከበኞች በ1779 የሃዋይ ሰዎች በሰፊ ሳንቃ ማዕበሉን ሲጋልቡ አይተው በመደነቅ ጽፈዋል። መኳንንትም ተራ ሰውም፥ ወንድም ሴትም ይጋልቡ ነበር። (ይህንንም «ለሴት ልጅ አይሆንም» እየተባሉ በቤት ለሚከለከሉ እኅቶቻችን ስል ጻፍሁት። ጨዋታው በኦሊምፒክ መጀመሪያ በገባበት በቶኪዮ ውድድር በ2021 በሴቶች ወርቁን ያገኘችው የሃዋይ ልጅ ካሪሳ ሙር ናት።) ከዚያ በኋላ ከባዕዳን ጋር የገባው በሽታ የደሴቶቹን ሕዝብ ፈጀው፤ ከ1820 ጀምሮ የገቡት ሚስዮናውያንም ጨዋታውን አልወደዱትም፤ በዚህም ምክንያት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ዳግመኛ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች ዋናው በ1912 እና በ1920 በኦሊምፒክ የዋና ወርቅ ያገኘው የሃዋዩ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩ ነው። እርሱም በ1914 መጨረሻ አውስትራልያ ሄዶ፥ እዚያው ከእንጨት ሳንቃ አሠርቶ ለሕዝቡ አሳየ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ታሪክ ዐዋቂ ለመባል አይደለም። ዛሬ መንገደኞች በስልክ ላይ በሚያሳዩት ሥዕል ሥር «ማንም ያልደረሰበት ማዕበል አገኘን» ብለው ሲጽፉ እናያለን። በሥዕሉ ላይ ግን የዓሣ አጥማጆች ታንኳ በአሸዋው ላይ ተደርድሮ ይታያል! ታንኳው ያለ ሰው ከየት መጣ?

ወላጆቻችን ዙረት ነው ለሚሉት ደግሞ መልስ አለኝ። ጓዝን አንግቶ ከአገር አገር መዞር ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፥ ዱላውን ይዞ፥ ለቅኔ ዋሸራ፥ ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለአቋቋም ጎንደር ሲል ዕድሜውን በመንገድ ያሳልፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ተማሪ ዘዋሪ ብሎ የናቀው የለም። በእርሱና በዛሬው መንገደኛ መካከል ያለው ልዩነት ግን ትልቅ ነው። የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን፥ ያደረበት መንደር ባለውለታ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ማታ የመሸበት መንገደኛም «የእግዜር እንግዳ» ነኝ ብሎ ደጅ ይቆማል እንጂ ቤቱን አገኘሁት አይልም። የእኔም ዐሳብ ይኸው ነው፤ ጓደኞቼ ይሂዱ፤ ሲሄዱ ግን እንግዳ መሆናቸውን ዐውቀው ይሂዱ።

እንግድነትን የማያውቅ መንገደኛ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የኢንዶኔዥያዋን ባሊ ደሴት መመልከት ይበቃል። ሮበርት ኮክ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ በኩታ ጠረፍ ሆቴል ከፍቶ እንግዶቹን ማዕበል ግልቢያ ያስተምር ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን ጓዛቸውን በጀርባቸው ያዘሉ ወጣቶች ከየአገሩ ጎረፉ፤ ከእነርሱም በኋላ ሆቴሉና የመጠጥ ቤቱ በዛ፤ የሩዝ እርሻ የነበረው መሬት በየጊዜው ለእንግዳ ማረፊያ ሥራ ይሸጣል። በደሴቲቱ ገበሬዎች ሱባክ በሚባለው ማኅበራቸው ውሃውን በየተራ እየተካፈሉ ያጠጣሉ፤ ዩኔስኮም በ2012 ይህን ሥርዐት በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንግዲህ ውሃው ለሩዙ ወይስ ለመዋኛ ገንዳው? ባሊ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ከውጭ አገር እንግዶች 150,000 ሩፒያ ታስከፍላለች። አንዳንድ መንገደኞች በዚህ አጕረምርመዋል፤ እኔ ግን የሚገባ ነው እላለሁ።

በተለይ የሚያስቈጣኝ በርካሽ ኖርሁ ብሎ መፎከር ነው። አንዱ በቀን ይህን ያህል ብቻ አወጣሁ ሲል፥ ሌላው እኔ ከዚያም በታች ነው ይላል፤ እንደ ጀግንነትም ይቈጠርላቸዋል። ነገር ግን መንገደኛው ተከራክሮ ያስቀረው ሳንቲም የኮኮናት ሻጪቱ የዕለት ገቢ ነው። ለእርሱ ጨዋታ የሆነው ክርክር ለእርስዋ የልጆችዋ እራት ነው። ድኻ ተማሪ ገንዘቡን መቈጠቡ አያስነውረውም፤ ይህን አልከለክልም። በእናት ጕልት ላይ ተከራክሮ አሸንፎ የሚመካ ልጅ ግን በአገራችንም ቢሆን አይመሰገንም።

የአገሬው ሰው ሲናገር መስማት ምን እንደሚጠቅም ደግሞ ታሂቲ አሳይታለች። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የማዕበል ግልቢያው ቦታ ቴአሁፖ የተባለች የታሂቲ መንደር ሆነች። አዘጋጆቹ ለዳኞች በኮራሉ ላይ አዲስ የአሉሚኒየም ማማ ለመትከል ሲነሡ፥ የመንደሩ ሰዎችና ዓሣ አጥማጆቹ በ2023 ተቃወሙ። ኮራል ማለት ጥቃቅን ሕያዋን ፍጥረታት የሠሩት የባሕር ዐለት ነው፤ ለዓሣው ቤቱ ነው፤ ማዕበሉንም እንዲያ ቀጥ ብሎ እንዲነሣ የሚያደርገው እርሱ ነው። ከተቃውሞውም በኋላ ማማው እንዲያንስ ተደረገ፤ ሆኖም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ለሙከራ የገባ ጀልባ ኮራሉን ሰባብሮ ነዋሪዎቹ የፈሩት ደረሰ። በውድድሩ በወንዶች ወርቁን የወሰደው ደግሞ እዚያው ታሂቲ ተወልዶ በዚያ ማዕበል ላይ ያደገው ካውሊ ቫስት ነው። ማማው ባይሠራም ወርቁን እርሱ ይወስደው ነበር ብዬ እገምታለሁ!

በውሃው ውስጥም ሕግ አለ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ነጥብ አጠገብ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ ሌላው ፊቱ መግባት አይገባውም። እንግዳው ይህን ካላከበረ ጠብ ይነሣል፤ ሳንቃው ሰው ይመታል። ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ወደ ጥልቁ የሚስበው ጅረት ነው። በዳር የተከማቸው ውሃ ወደ ኋላ ሲመለስ ሰውን ይዞት ይሄዳል፤ ያልተማረ ሰው ፊት ለፊት ወደ ዳር እታገላለሁ ብሎ ይደክምና ይሰጥማል። የሚበጀው ሳይደነግጡ በጠረፉ አቅጣጫ ወደ ጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት፥ ከዚያም ወደ ዳር መመለስ ነው።

እንግዲህ ወላጆቻችን ልጃቸው «ልሂድ» ሲላቸው፥ ስንት ብር ይፈጃል ከማለታቸው በፊት፥ ሳያርፍ ስንት ሜትር እንደሚዋኝ ቢጠይቁት ደስ ይለኛል። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ከመጪው ክረምት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን መዋኛ ገንዳ ለመሄድ ተስማምተናል፤ ከአራታችን ዛሬ መዋኘት የሚችለው አንዱ ብቻ ነው።