ኮፍያው የሠራተኛ፣ ጫማው የገበሬ

ጎልፍ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ገንዘብ ነው። የተላጨ ሜዳ፣ የአባልነት ክፍያ፣ ዱላ ተሸካሚ። ጠፍጣፋ የሱፍ ኮፍያና በቀዳዳ ጥለት ያጌጠ የቆዳ ጫማ ያደረገ ወንድ ሲያልፍም «የሀብታም አለባበስ» ይባላል። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ከኮፍያው ይጀመር። በ1571 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ የሱፍ ሥራውን ለመደገፍ ሲል ሕግ አወጣ። ዕድሜው ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ በእሑድና በበዓል ቀን አገር ውስጥ የተሠራ የሱፍ ኮፍያ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ያላደረገ ይቀጣል። መኳንንቱ ከሕጉ ነፃ ነበሩ! ሕጉ በ1597 ቢሻርም ኮፍያው ከተራው ሰው ራስ አልወረደም።

ብሮግ የሚባለው ጫማም እንዲሁ ነው። ቀዳዳዎቹ ዛሬ ጌጥ ናቸው፤ ድሮ በአየርላንድና በስኮትላንድ ረግረግ ሲረግጥ ለሚውል ገበሬ ግን የገባው ውሃ መውጫ ነበሩ። ባለ ጥለቱ ሹራብ የመጣው ከስኮትላንድ በስተሰሜን ካለችው ከትንሿ የፌር አይል ደሴት ነው። በ1922 የዌልስ ልዑል፣ ኋላ ኤድዋርድ ስምንተኛ የተባለው፣ ሴንት አንድሩስ ጎልፍ ሜዳ ላይ ለብሶት ታየ፤ ከዚያ በኋላ ፋሽን ሆነ። ልዑሉ የፈለሰፈው ነገር የለም፤ ለብሶ ታየ እንጂ።

ጎልፍ ያደረገው መፈተን ነው። ጨዋታው በነፋስና በካፊያ መሐል ሰዓታት የሚፈጅ የእግር መንገድ ስለሆነ የማይመች ልብስ አይቆይበትም። በ1937 ማንቸስተር ውስጥ ባራኩታ የተባለው ድርጅት የሠራው ጂ 9 ጃኬት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ «ጂ» ጎልፍ ማለት ነው። አጭር፣ ወገቡና እጅጌው ጫፍ የሚጨብጥ፣ ጀርባው ዝናብ እንዲያንሸራትት የተቆረጠ። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1958 ፊልም ላይ ለበሰው፤ ከዚያ መንገዱን ሞላው። ዛሬ አዲስ አበባ የሳልቫጅ ክምር ውስጥ ያን አቆራረጥ የያዘ ጃኬት አይጠፋም።

ኮፍያና ጫማን ማጣመርም ከዚሁ ታሪክ ይወጣል። ሁሉም የሚደጋግመው ቀለምን ነው፤ ቡኒ ከቡኒ፣ ጥቁር ከጥቁር። ቀለም ሁለተኛ ነገር ነው። ዋናው የዕቃው ልስላሴና ሻካራነት ነው። ሻካራ የሱፍ ኮፍያ ወፍራም ሶል ያለው ብሮግ ይወዳል። ከሚያብለጨልጭ የሠርግ ጫማ ጋር ሲገጥም ግን ባለቤቱ ልብስ የተዋሰ ይመስላል። ለስላሳ ባርኔጣ በተራው ለስላሳ፣ የተወለወለ ጫማ ይጠይቃል። ይህን ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ሊስትሮ ፊት የሚቀመጡ አዛውንቶች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ባርኔጣ አድርጎ ከታች የስፖርት ጫማ ማድረግማ ከላይ ሚኒስትር ከታች በረኛ መሆን ነው። ጎልፈኞች የወደዱት ባለ ሁለት ቀለም ጫማ ከተደረገ ደግሞ ኮፍያው ዝም ይበል።

አሁን የሚያሳዝነው ንግዱ ነው። የሠራተኛው ኮፍያ ትንሽ የጎልፍ ምልክት ተሰፍቶበት በብዙ እጥፍ ዋጋ ለሠራተኛው ልጅ ይሸጣል፤ እሱም ምልክቱን ይገዛል። ያው ሱፍ፣ ያው አቆራረጥ ያለ ምልክት ከጎኑ ተሰቅሏል።

አሜሪካዊው ፔይን ስቱዋርት ሌሎቹ ተራ ኮፍያና ረጅም ሱሪ ሲያደርጉ በጠፍጣፋ ኮፍያና ከጉልበት በታች በሚታሰር ሱሪ የሚጫወት፣ በአለባበሱ የታወቀ ሰው ነበር። በ1999 በፓይንኸርስት የዩኤስ ኦፕን መጨረሻ ቀን ሲያካፋ የዝናብ ጃኬቱ እጅጌ ምቱን አወከበት። መቀስ አስመጥቶ እጅጌዎቹን ቆረጣቸው። በዚያው ቀን ዋንጫውን ወሰደ።